ዓሣው ትከሻ እስኪደርስ፦ ደሴ ላይ በ16 ቀጠሮ ያለቀ የጃፓን ስልት ንቅሳት

ሹፌሩ መጀመሪያ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን መንገድ በሸፈነበት ሰዓት፣ ካፖርቱን እንደለበሰ በሬን አንኳኳ። 31 ዓመቱ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር። ስልኩን ከፍቶ አንድ ጃፓናዊ ጀርባ ላይ የተጠመጠመ ዘንዶ አሳየኝ። «ይኸን ከደረቴ ጀምረህ በግራ ክንዴ አውርድልኝ። መኪናዋ ጋራዥ ገብታለች፣ ሦስት ቀን አለኝ» አለኝ።

ሥራው ያለቀው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ በ14 ወር፣ በ16 ቀጠሮ፣ በ47 የመርፌ ሰዓት። ክንዱ ላይ ያረፈውም ዘንዶ ሳይሆን ዓሣ ነው።

ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው ያንኑ ፎቶ ይዘው ያንኑ «ሦስት ቀን» የሚሉኝ ወጣቶች ስለበዙ ነው። ደግሞም በዚህ ሥራ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ነቃሽ ያንኑ በሰው ገላ ላይ እንዲማረው አልፈልግም። የሹፌሩን ስም አልጠቅስም። የቀረውን ግን አንብቦ ፈቅዶልኛል።

እጅጌ ማሰፋት

የጃፓን ትልቅ ንቅሳት፣ እነሱ ሆሪሞኖ ወይም ኢሬዙሚ የሚሉት፣ እንደ ልብስ ተለክቶ የሚሠራ ነው። ክንድ ሲሆን እጅጌው የት ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ይወሰናል። ከአሥር አምስት እጅ ከተባለ ከክርን በላይ ይቀራል፤ ሰባት እጅ ከክርን ትንሽ ወርዶ ይቆማል፤ አሥር እጅ ከሆነ አምባር መዋያው ድረስ ይዘልቃል። ወደ ደረት የሚሻገረው ቁራጭ ሂካኤ ይባላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ልብስ የሚያደርጋቸው ከሥዕሉ በስተጀርባ የሚሞላው ነው፤ ጥቁር ደመናው፣ ነፋሱ፣ ጣት እያወጣ የሚሰበረው ማዕበል። ይህን ጋኩቦሪ ይሉታል። የእኛ ሰው ዓይን መጀመሪያ ዓሣው ላይ ነው የሚያርፈው። ዓሣውን ከቆዳው ላይ ብድግ የሚያደርገው ግን ከኋላው ያለው ጥቁር ነው፣ ከሥራውም ግማሽ የሚሆነውን ሰዓት የሚበላው እሱ ነው።

ስልቱ እንዲህ የተሟላው በኤዶ ዘመን (ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ጊዜ)፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በሚታተሙ ሥዕሎች ሰበብ ነው። ኡታጋዋ ኩኒዮሺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 የሱይኮደንን፣ ከቻይና የመጣውን የሽፍቶች ልብ ወለድ፣ 108 ጀግኖች ሥዕል ማውጣት ሲጀምር ከጀግኖቹ አንዳንዶቹን ገላቸው በንቅሳት እንደተሸፈነ አድርጎ ሣላቸው። የኤዶ አናጢዎችና እሳት አጥፊዎች ያንን እያዩ በራሳቸው ገላ ላይ አስደረጉት። በ1872 የሜጂ መንግሥት ንቅሳትን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1948 ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነቃሹን «ያለ ሐኪም ፈቃድ ሠራህ» ብሎ መክሰስ ይቻል ነበር። በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ንቅሳት ሕክምና አይደለም ብሎ ወሰነ። ይህን ለሹፌሩ የነገርኩት ለወግ አልነበረም። 76 ዓመት ተከልክሎ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተሻገረ ሥራ በሦስት ቀን ጋራዥ ዕረፍት እንደማይሞከር እንዲገባው ብዬ ነው።

እኔ የምሠራው በማሽን ነው። እነሱ ቴቦሪ የሚሉት፣ መርፌ በዘንግ ጫፍ አስሮ በእጅ እየገፉ የመንቀስ ጥበብ የለኝም። ስለዚህ የሠራሁት የጃፓን ስልት ያለው ንቅሳት እንጂ ሆሪሞኖ ነው ብዬ አልምልም። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቄያለሁ፤ መጀመሪያ መስመሩ በሙሉ (ሱጂቦሪ)፣ ከዚያ ከጥቁር ወደ ባዶ ቆዳ እየሳሳ የሚሄደው ጥላ (ቦካሺ)።

ቀጠሮውን የሚይዘው ቆዳው ነው። መርፌው ላይኛውን ቆዳ አልፎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ውስጠኛው ቆዳ ውስጥ ቀለሙን ይተወዋል። እዚያ ያሉ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ባዕድ ነገር መጣ ብለው ይውጡታል፣ ግን ሊያስወግዱት አይችሉም፤ ሲሞቱ ሌሎች ተተክተው መልሰው ይውጡታል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ነው። ላይኛው ቆዳ ለመገጣጠም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ከሥሩ ያለው ከዚያም በላይ። አንድ ሰው ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ከሠራህ በኋላ ደግሞ ቆዳው ያብጣል፣ ውሃ ያወጣል፣ ቀለም አልቀበልም ይላል። ከዚያ ወዲያ የምትሠራው ቁስል ነው።

ሹፌሩ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲያው እኔ ጋቢ ላሸምን ነው የመጣሁት በለኛ» አለ። ከዚያ የተሻለ አባባል አላገኘሁም፤ አሁን ለሚመጣ ሁሉ የምናገረው እሱን ነው።

ሦስት ወር ያለ መርፌ

በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ነገር ቢኖር ትከሻው ላይ የጣት ርዝመት ያላት አንዲት መስመርና የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ጥላ ብቻ ነው። ምክንያቱ ኬሎይድ ነው። ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚያድግባቸው ሰዎች አሉ፤ ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወረሳል፣ የሚወዳቸው ቦታዎችም ደረት፣ ትከሻና የጆሮ ጫፍ ናቸው። እኛ ልንነቅስ ያሰብነው ደግሞ ደረትና ትከሻ። የእሱን የክትባት ጠባሳ አየሁ፣ ጠፍጣፋ ነው። የእህቱ ጆሮ ግን ሲበሳ አብጦ እንደቀረ ሲነግረኝ ያለ ሙከራ አልነካህም አልኩት። ሦስት ወር ጠበቅን። መስመሯ ሳታብጥ ተቀመጠች።

የጉበት ቫይረሱንም (ሄፓታይተስ ቢ) በግልጽ አወራን። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው «መርፌውን ቀቅለኸዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። መቀቀል አይበቃም፣ ደሴ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይበቃም። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ማምከኛው በግፊት 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። መርፌው ግን ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚጣል ነው፤ ከነማሸጊያው ደንበኛው ፊት ካልተከፈተ ተነሥቶ ይሂድ። እኔ ራሴ ሦስቱንም ዙር ክትባት ወስጃለሁ፤ ነቃሽ ነኝ ለሚል ሁሉ የምለምነው ነገር ይህ ነው።

በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ነው ሥራውን የለወጠው ነገር የሆነው። ለጥምቀት ሐይቅ ከተማ ያሉትን አያቱን ሊጠይቅ ሲሄድ «ና እንሂድ፣ ሥዕሉንም ትየው» ብሎ ወሰደኝ። አጎቱም እዚያ ነበሩ። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28ን ጠቅሰው ገላን መንቀስ እንደማይወዱ ነገሩን፣ በጨዋ ደንብ። አልተከራከርኩም። ሰው ከቤተሰቡና ከነፍስ አባቱ ጋር የሚጨርሰውን ነገር ነቃሽ አይገባበትም፤ ከመርፌ በፊት ይጨርሰው ዘንድ ጊዜ መስጠት ግን የእኛ ግዴታ ነው።

አያቱ ቡናውን እያፈሉ ነበር። ሻሻቸው ሸርተት ሲል አንገታቸው ታየኝ፤ ከአገጭ ሥር ጀምሮ እስከ ማተባቸው ድረስ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት። ሥዕሉን ዘረጋሁላቸው።

«ምንድን ነው ይኸ ልጄ?»

«ዘንዶ ነው እማማ።»

ቀና ብለው ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «ጊዮርጊስ የወጋውን አንተ ልትሸከመው ነው?»

ጃፓን አገር ዘንዶ የውሃ ጌታ እንደሆነ፣ ዝናብ እንደሚያመጣና እንደሚጠብቅ ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ግን እኚህ ሴት ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያዩት ዘንዶ ከነጭ ፈረስ እግር ሥር የወደቀው ነው፤ ወሎ ላይ ይህን ክንድ የሚያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣለትም እሱ ነው። ሥዕል የሚነበበው በሚኖርበት አገር ዓይን ነው። ሹፌሩ እዚያው ምንም አልመለሰም። ስንመለስ ሐይቁ ዳር መኪናውን አቁሞ ብዙ ከቆየ በኋላ «ዓሣ ይሁን» አለ። ፏፏቴ እየተቃወመ ወደ ላይ የሚዋኘውን ኮይ ማለቱ ነው። ተረቱ ከቻይና የመጣ ነው፤ ቢጫ ወንዝ ላይ ያለውን የዘንዶ በር ወጥቶ ያለፈ ዓሣ ዘንዶ ይሆናል ይላል። አያቱ ኋላ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እንዳይደርስ አድርገህ ሣለው» አሉኝ። እንደዚያው አደረግሁ፤ ዓሣው ትከሻው ላይ ገና እየወጣ ነው።

የአያትየው አንገት

ከቡናው በኋላ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ከሰል ነው እማማ፣ ጥላሸት» አልኳቸው። «የእኔም የምጣድ ጥላሸት ነው» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ጃፓኖች ሱሚ የሚሉት ጥንታዊ ጥቁር ቀለም የሚሠራው ከዘይት መብራት ወይም ከጥድ ጥላሸት በሙጫ ተለውሶ ነው። አያቱን የነቀሰቻቸው ሴት ደግሞ ጥላሸቱን ከቅጠል ጭማቂ ጋር አዋሕዳ፣ መርፌዎቹን በክር አስራ፣ በእጇ እየወጋች ነው የሠራችው። እንደ ቴቦሪው ማለት ነው። ዋጋው አንድ ቁና ባቄላ ነበር። ያኔ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አሁን ሰባን አልፈዋል።

አንገታቸውን በቅርብ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ማስመሪያዬን ሳስጠጋ መስመሮቹ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። «ሲነቀስ እንደ ክር ነበር» አሉ፤ አሁን የስንዴ አገዳ ያህላል። ነቃሿ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ጣት ያህል ባዶ ቆዳ የተወችበት ቦታ ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ድሪው ድሪ ነው። ከአገጫቸው ሥር ግን፣ ጌጡን ለማብዛት ስትል ያጠጋጋችው ቦታ፣ ሁሉም ተዋሕዶ አንድ ሰማያዊ ጭረት ሆኗል። ምን እንደነበረ እሳቸውም አያስታውሱም።

እኔ ያዘጋጀሁት ሥዕል ላይ የዓሣው ቅርፊቶች እንደ ምስር ፍሬ ደቃቅ ነበሩ። ስልክ ላይ ሲታይ ያምራል። በዚያ አንገት ላይ ያየሁትን ስልሳ ዓመት ግን አይችልም። ማታውኑ ደሴ ተመልሼ ቀደድኩት። አዲሱ ላይ ቅርፊቱን ከእጥፍ በላይ አሳደግሁት፣ ቁጥሩንም ቀነስኩ፤ ሦስት የነበሩትን የማዕበል እጥፎች ሁለት አደረግኋቸው፤ በየመስመሩ መካከል ባዶ ቆዳ ተውኩ። ለጥቁር ቆዳ የሚመች ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ አንብቤያለሁ። እኚያ አንገት ያስተማሩኝን ያህል ያስተማረኝ የለም።

ቀለሙም ላይ አንድ ክርክር ነበረን። ሹፌሩ ደረቱ ላይ አደይ አበባ እንዲሆንለት ፈለገ። ሐሳቡ ልብ ይነካል። ነገር ግን የቆዳችን ጥቁረት ያለው በላይኛው ቆዳ ውስጥ ነው፣ የንቅሳቱ ቀለም ደግሞ ከሥሩ፤ ስለዚህ ማንኛውም ቀለም በቡናማ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ነው። ጥቁር ያልፋል፣ ጠቆር ያለ ቀይ ያልፋል፣ ቢጫ ግን ይዋጣል። ቢጫ ያልሆነ አደይ ደግሞ አደይ አይደለም። በጃፓን ስልት ወቅት አይደባለቅም፤ የቼሪ አበባ የጸደይ ነው፣ የሜፕል ቅጠልና ክሪዛንተመም የመኸር። እነሱ መኸር የሚሉት ወር እኛ ጋ መስከረም ነው፣ ክሪዛንተመምም ከአደይ ጋር አንድ ወገን ነው። ይህን ስነግረው ተስማማ። ደረቱ ላይ በጠቆረ ቀይ የተሠራ ክሪዛንተመም አለው፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ «አደዬ» ነው የሚለው።

ከ1ኛው እስከ 5ኛው

መስመሩ በሦስት ቀጠሮ አለቀ፣ 9 ሰዓት። ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበርን የመጀመሪያውን ቀጠሮ ጠዋት ማድረጋችን አልሆነልንም። በባዶ ሆዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ፊቱ ገረጣ፣ ላቡ ቀዘቀዘ፣ «አዞረኝ» አለ። እግሩን ከፍ አድርጌ አስተኛሁት፤ ጾሙን ልፍታ አላለም፣ እኔም አላስገደድኩትም፤ ዘግተን ሄድን። ከዚያ በኋላ ከ9 ሰዓት በፊት አልጀመርንም፤ ሽሮውን በልቶ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ይመጣል።

የደሴ ብርድም ሥራ አለው። የተነቀሰ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ክንድ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አይወጣም። ከሰል በዝግ ቤት አላነድም፤ ጭሱ ይገድላል፣ አመዱም ክፍት ቆዳ ላይ ያርፋል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው ያለኝ፣ መብራት ሲሄድ ጋቢ። ማሽኑ በባትሪ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ በግንባር መብራት ጨርሻለሁ።

ሕመሙን የሚጠይቁ ስላሉ፦ የውጭው ክንድ ይቻላል። የክርኑ እጥፋትና ብብት አጠገብ ያለው ለስላሳ ቦታ ነው የሚከብደው፣ ከሁሉም የደረት መሐል አጥንት። የመጀመሪያውን ሰዓት ስለ መንገድ ያወራል፣ በሁለተኛው ዝም ይላል፣ በሦስተኛው የከንፈሩን እንቅስቃሴ ሳይ ውዳሴ ማርያም እየደገመ እንደሆነ ገባኝ። 4ኛውና 5ኛው የትከሻው ጥቁር ደመና ነበሩ፣ ያለ ችግር ዳኑ።

6ኛው

ግንቦት ላይ ነው። ሂካኤውን፣ ከግራ ትከሻው ወደ ደረቱ የሚወርደውን ጥላ ሠራሁ። «መቼ ነው የምትወጣው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሳምንት» አለ። በቃሉ ተቀበልኩት፤ ስህተቴ ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን ጭነት ተገኘ ተባለና ወጣ።

እስቲ አስቡት። መሪው በግራ የሆነ መኪና ላይ የሹፌሩ ቀበቶ ከግራ ትከሻ ተነሥቶ ደረቱን አቋርጦ ይወርዳል፤ ልክ እኔ በነቀስኩበት መሥመር። ከባቲ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ያለው የአፋር ሙቀት፣ ላብ፣ አቧራ፣ በየጉድጓዱ የሚፈጋፈግ ቀበቶ። ሸሚዙ ከቁስሉ ቅርፊት ጋር ተጣብቆ ማታ ሲያወልቅ ቆዳውን ይዞት ተነሣ። ረዳቱ አዝኖለት፣ «ያደርቅልሃል» ብሎ አረቄ አፈሰሰበት። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ክፍት ቁስልን የባሰ አቃጠለው።

ኮምቦልቻ ሲመለስ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ መግል ይዞ ነበር። ፎቶ ላከልኝ። ቅባት ልንገርህ፣ እሬት ቀባ፣ ቅቤ ቀባ አላልኩትም፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ አልኩት፣ ራሴም ወርጄ አብሬው ገባሁ። ነርሷ አጥባ የሰባት ቀን መድኃኒት ሰጠችው። አንድም ቀን አላቋረጠም። መግሉ በሳምንት ጠፋ፣ ቆዳው ለመደላደል ግን ስድስት ሳምንት ወሰደ። በዚያ ቦታ ላይ ያለው ጥላ እንደ ዝናብ የመታው ኖራ ተላላጠ።

ማን ጥፋተኛ ነው ብሎ ብዙ ማለት ይቻላል። እንጀራው መንገድ ላይ የሆነ ሰው ጭነት ሲጠራው አልሄድም አይልም፣ ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደንቡን ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፦ ከቀጠሮ በኋላ 10 ቀን ቤቱ የማይቀመጥ ሰው አይነቀስም። ለእሱ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። የደረቱን ሥራ በሙሉ ወደ መጨረሻ፣ መኪናው ለዓመታዊ ጥገና በሚገባበት ወር ላይ አዞርኩት፤ እስከዚያ ቀበቶ የማይነካውን የክንዱን ታችኛ ክፍል ሠራሁ። ፀሐዩም ነገር ነው። ግራ ክንዱ በመስኮት ወጥቶ የሚውል ስለሆነ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ሸሚዝ እንዲለብስ አስማልኩት።

ሁለተኛው ስህተት

ይኼኛው 9ኛው ቀጠሮ ላይ ነው፣ ከክርኑ በላይ። ሳሳ ያለ ግራጫ ጥላ ትኩስ ሲሆን ደስ ይላል፤ ሲድን በእኛ ቆዳ ላይ ይጠፋል። በ8ኛው ላይ የሠራሁት ከስሞ ስላገኘሁት ተናደድኩና ያንኑ ቦታ በአንድ ቁጭታ ሁለት ጊዜ ሄድኩበት። ቆዳው ሲያብጥ፣ ነጭ ውሃ ሲያወጣ እያየሁ «ትንሽ ብቻ» አልኩ። ማቆም ነበረብኝ። ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ከፍ ብሎ ዳነ። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛው ተመልሷል፣ ዛሬም ግን በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ትክክለኛው መንገድ ግራጫውን ማብዛት አልነበረም፤ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ፣ ባዶውን ባዶ ትቶ፣ ግራጫ የሚመስለውን ነገር ለቆዳው ለራሱ ቀለም መተው ነው። ከ10ኛው በኋላ ያለውን ሁሉ እንደዚያ ሠራሁ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ጋኩቦሪው፣ ከዓሣው ኋላ ያለው ደመናና ማዕበል፣ በሰባት ቀጠሮ 20 ሰዓት ፈጀ። ዓሣው፣ ቅጠሎቹና አበባው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአራት ቀጠሮ፣ በ13 ሰዓት ተሠሩ። ቀዩን ቀለም ከማስገባቴ በፊት አንዲት ቅጠል ብቻ ሠርቼ ወር ጠበቅሁ፤ ቀይ ከሌሎች ቀለማት ይልቅ ቆዳን በማሳከክና በማሳበጥ ይታወቃል። ደህና ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች፣ 5 ሰዓት፣ በግንቦት የተላላጠውን ደረት ለመመለስ የዋሉ ናቸው። አንድ ጊዜ የቆሰለ ቆዳ ቀለም የሚይዘው በማስታመም ነው፤ መርፌውን ቀለል፣ እጅን ዘግየት አድርጎ።

ያለቀ ዕለት

ጥር ላይ፣ ለጥምቀት፣ እንደገና ሐይቅ ሄድን። ሹፌሩ ሸሚዙን አውልቆ አያቱ ፊት ቆመ። እጅጌው ሰባት እጅ ነው፤ ሸሚዝ ሲለብስ ምንም አይታይም፣ ይህንንም መጀመሪያ የፈለገው እሱ ነው፤ በየኬላው «ዱርዬ ነው» ተብሎ መታየት አልፈለገም። አያቱ መነጽራቸውን አድርገው ከክርኑ ጀምረው በጣታቸው ማዕበሉን ተከተሉ። ባዶ ቆዳ የተውኩበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይችን ረሳሃት?»

«አልረሳኋትም እማማ። ከእርስዎ አንገት ነው የወሰድኳት።»

ጣታቸውን ከእሱ ክንድ አንሥተው ከአገጫቸው ሥር፣ የተዋሐደው ጭረት ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። «ይኸ መስቀል ነበር» አሉ። «አዎ፣ ትናንሽ መስቀል ነበር። ሰባት ነበሩ።»

በሐምሌ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ለምርመራ መጣ። ሲነቀስ 1 ሚሊ ሜትር የነበረው የማዕበሉ መስመር 1.5 ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ በመካከል የተተወው ቆዳ ግን እንዳለ ነው። ደረቱ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ይዟል፣ የክርኑ እብጠት ቀንሷል። መለኪያውን በደብተሬ ጽፌ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ለሚመጣው ጥር አስያዝኩት።

ሲወጣ ሸኘሁት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሲስብ ትከሻው ላይ በሚያርፈው በኩል ከአሮጌ ጋቢ ተቆርጦ የተሰፋ ለስላሳ ሽፋን አየሁ፤ ጥለቱ ሳይቀር ወደ ውጭ ዞሮ በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። «አያቴ ናት» አለኝና ቀበቶውን አሰረ።